ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ታዲያ እንግዶቼ ለምን ይታመማሉ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ "በአንዲት የሐይቅ ዳር የቱሪስት ከተማ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ስንጀምር 4 ክፍል ነበረን፣ አሁን 11 ደርሰናል። ውሃችን ከግቢው ጉድጓድ ነው። ጥርት ያለ ነው፣ ሽታም የለው። ሴፕቲክ ታንኩ ድሮ የተሠራው ነው፣ ከጉድጓዱ 15 ሜትር ያህል ይርቃል። እኛ ለዓመታት ጠጥተነው ምንም አልሆንም፤ ላብራቶሪም አስመርምረነው ንጹሕ ነው ተብሏል። ግን እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ሁሌ ሁለት ሦስት ሰው ተቅማጥ ይይዘዋል። ባለፈው ደግሞ አንድ ቤተሰብ አገሩ ከገባ ከ12 ቀን በኋላ 'ልጃችን ታይፎይድ ተገኘባት' ብሎ ጻፈልን። ጎረቤቶቼ የእንግዳ ሆድ ስስ ነው ይሉኛል። ማጣሪያ ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻላል? ሐይቁ ውስጥ መዋኘትስ ችግር አለው?"

ማጣሪያውን ገና አይግዙ። ከእሱ በፊት መልስ የሚፈልግ ነገር አለ፤ የ11 ክፍል ሽንት ቤትና ሻወር ፍሳሽ በሙሉ የት እየገባ ነው? ጥያቄዎን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ያቺ በመሃል ጣል ያደረጓት ዓረፍተ ነገር ናት። ለ4 ክፍል የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ 15 ሜትር ላይ። ሕመሙ ሁሉ ከዚያ መጣ ብዬ ሳላይ አልፈርድም። ምግብ ሊሆን ይችላል፣ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ የአንድ ወጥ ቤት ሠራተኛ እጅም ሊሆን ይችላል። ግን ግቢዎ ውስጥ ብገኝ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ታንኩ ነው።

የውሃው መጥራት ምንም አያረጋግጥም። ኖሮቫይረስ የሚባለው፣ ቱሪስት በሚበዛበት ቦታ ሁሉ የሚያስቸግረው የተቅማጥና የትውከት ቫይረስ፣ አንድን ሰው ለማሳመም ከ100 ያነሰ ቅንጣት ይበቃዋል። የታመመ ሰው ደግሞ በአንዲት ግራም ሰገራ ውስጥ በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቆጠር ያወጣል። ይህ ሁሉ ውሃውን አያደፈርሰውም፣ እንዲሸትም አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ብሮድ ስትሪት በሚባለው ጎዳና አካባቢ ኮሌራ በጥቂት ቀናት ከ500 ሰው በላይ ገደለ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ምንጩ የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ መሆኑን ያሳየው ያኔ ነው። ከሰፈሩ ርቃ የምትኖር አንዲት መበለት የዚያን ፓምፕ ውሃ ጣዕም ስለምትወደው በየቀኑ በጋሪ ታስመጣ ነበር፤ በኮሌራ ሞተች። ከፓምፑ ጉድጓድ ጥግ የአንድ ቤት ሽንት ቤት ጉድጓድ ያንጠባጥብ ነበር። ሰው ለጣዕሙ ብሎ የሚመርጠው ውሃ ነበር እንግዲህ።

"የእንግዳ ሆድ ስስ ነው" የሚለው ነገር ደግሞ ቁንጽል እውነት አለበት፣ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሄፓታይተስ ኤ የሚባለውን እንውሰድ። በፍሳሽ በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፍ የጉበት ቫይረስ ነው። ከ6 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ ያልፍለታል፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን አይደግመውም። ያልተጋለጠ አዋቂ ሲይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ወፍ በሽታ የሚለው ይከተላል፤ ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ለሳምንታት አልጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ የከተማው ሰው "እኛ ምንም አልሆንም" ሲል ልጅ ሳለን ይዞን አልፎልናል ማለቱ ሊሆን ይችላል። ይህ ውሃው ንጹሕ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ ሲበከል እንደኖረ ይጠቁማል። ደግሞ ሁሉም በሽታ አንዴ ይዞ የሚያበቃ አይደለም። ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ እየደጋገመ ይይዛል። የእርስዎም ልጆች በየጊዜው ሆዳቸውን የሚያማቸውና ክብደት አልጨምር የሚሉ ከሆነ፣ "ምንም አልሆንም" የሚለውን ቃል መልሰው ያስቡበት።

ሌላው ከሁሉ የሚበልጥ ጉዳይ ጊዜ ነው። የቱሪስት ከተማ የራሷን በሽተኛ አታይም። ኖሮቫይረስ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ስለሚነሳ እሱን ያዩታል፤ እነዚያ ሁለት ሦስት ሰዎች ምናልባት እነሱ ናቸው። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ግን አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። ጃርዲያ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ ታይፎይድ ከ6 እስከ 30 ቀን፣ ሄፓታይተስ ኤ አንድ ወር ገደማ። እንግዳዎ ደግሞ ሦስት ሌሊት አድሮ ይሄዳል። የሚታመመው ቤቱ ገብቶ ነው፣ የሚታከመውም እዚያው፣ ሐኪሙም የት ውሃ ጠጣህ ብሎ ላይጠይቀው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1963 መጀመሪያ በስዊዘርላንዷ የበረዶ ሸርተቴ ከተማ በዜርማት የደረሰው ይኸው ነው። ዝነኛ የተራራ ከተማ ናት። የከተማዋ ውሃ በፍሳሽ ተበክሎ ከ400 በላይ ሰው ታይፎይድ ያዘው፣ 3 ሰው ሞተ። ብዙዎቹ በሽተኞች የተገኙት በየአገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነበር። እርስዎም ጋ አንድ ቤተሰብ ጻፈ። ያልጻፉትን ማንም አያውቃቸውም።

ታይፎይዱን በተመለከተ አንድ ነገር ላስተካክል። ታይፎይድን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከሰው ውጪ በሌላ እንስሳ ውስጥ አይኖርም። ምርመራው ትክክል ከሆነ እንግዲህ መነሻው የሰው ሰገራ ነው፤ ወይ በውሃ በኩል፣ ወይ ሳይታመም ጀርሙን የሚሸከም ሰው ባሰናዳው ምግብ በኩል። የልጅቷ ምርመራ ምን ዓይነት እንደነበር ቤተሰቡን ይጠይቁ። ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፣ ሌላ ትኩሳትንም ታይፎይድ ይላል። ደም ተወስዶ ጀርሙ በላብራቶሪ እንዲራባ ተደርጎ (ካልቸር ይባላል) የተገኘ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ማመንታት አይገባም።

"አስመርምረን ንጹሕ ተብሏል" ላሉት ሦስት ጥያቄ አለኝ። መቼ? ከየት ተቀድቶ? ምኑ ተመረመረ? እንግዳ በሌለበት፣ ዝናብ በሌለበት ወር የተወሰደ አንድ ጠርሙስ የዚያችን ቀን ሁኔታ ብቻ ነው የሚናገረው። ብዙ ሰው ደግሞ የጨውና የብረት መጠን ተለክቶ "ንጹሕ" የሚል ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ ጀርም የሚባል ነገር ጭራሽ አልታየም። የሚፈልጉት ቁጥር ኢ-ኮላይ ይባላል፤ በሰውና በእንስሳት አንጀት የሚኖር ባክቴሪያ ስለሆነ ውሃ ውስጥ መገኘቱ ሰገራ ገብቷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግልጽ ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ከእሱ ጋር ናይትሬት ይለካ፤ ገደቡ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ናይትሬት ከሽንት ቤትም ከእርሻ ማዳበሪያም ይመጣል። ብቻውን ምንጩን ባይለይልዎትም ሁለቱ አብረው ከፍ ካሉ ግን ታንክዎ ለመጠርጠሩ ሌላ ምክንያት አያስፈልግም። ናሙናው ላብራቶሪው በሚሰጥዎ ንጹሕ ዕቃ ይወሰድ፣ በቀዝቃዛ ሳጥን ይሂድ፣ በዚያው ቀን ይድረስ። የሃይላንድ ጠርሙስ አጥቦ መላክ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ታንኩ። ሴፕቲክ ታንክ ፍሳሽን አያጠራም፤ ያረጋጋል። ጠጣሩ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ይንሳፈፋል፣ በመሃል ያለው ፈሳሽ ወደ ማስረጊያው ይወጣና የቀረውን ሥራ አፈሩ ይሠራል። ይህ እንዲሆን ፈሳሹ ታንኩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል መቆየት አለበት። ታንኩ ለ4 ክፍል ተሠርቶ 11 ክፍል ሲለቀቅበት፣ ሁሉም ጠዋት በአንድ ሰዓት ሻወር ሲገባ፣ ውሃው ለመርጋት ጊዜ አያገኝም። እንደመጣ ያልፋል፣ ዝቃጩንም ይዞት ይወጣል። አፈሩ ጭቃማ ከሆነ ይደፈንና ወደ ላይ ይፈልቃል። አሸዋማ ወይም ስንጥቅ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ሳይጣራ እንደ ቧንቧ ያሳልፈዋል፤ ስንጥቅ ድንጋይ ላይ 15 ሜትር ምንም ማለት አይደለም፣ 30 ሜትርም አንዳንዴ አያድንም።

እዚህ ላይ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። እንግዳ በሚበዛበት ወቅት ፍሳሹ ብቻ አይደለም የሚጨምረው፣ ከጉድጓዱ የሚቀዳውም ውሃ ይጨምራል። ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ዝቅ ይልና ከአካባቢው ያለውን ሁሉ ወደራሱ ይስባል። ታንኩ ይገፋል፣ ጉድጓዱ ይጎትታል። በዚያ ላይ ከባድ ዝናብ ከጣለ የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ ይልና ከማስረጊያው ጋር ይገናኛል። እንግዳ ሲበዛ ሰው የሚታመምብዎት ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳ በሌለበት ወር የተወሰደው ናሙናም ይህን ሁሉ አላየም።

ታዲያ ይህ የእርስዎ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጎረቤትዎም ሴፕቲክ ታንክ አለው፣ የሱም ጎረቤት። ሁሉም የሚያርፈው ወደ ሐይቁ ነው። የፊሊፒንሷ ቦራካይ ደሴት በነጭ አሸዋዋ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት ለስድስት ወር ሙሉ ለቱሪስት ዘጋት፤ ሆቴሎቹና ምግብ ቤቶቹ ፍሳሻቸውን በቀጥታ ወደ ባሕሩ ይለቁ ስለነበር ነው። ስድስት ወር ያለ አንድ እንግዳ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ማዘጋጃ ቤቱን ብቻዎን ከሚሞግቱ የመንገዱ የማረፊያ ባለቤቶች ተሰብስባችሁ ስለ ፍሳሽ መስመር ብትጠይቁ ይሻላል።

ወደ ማጣሪያው እንመለስ። "የትኛው ይሻላል" ከማለት በፊት "ምንን ሊይዝልኝ" ማለት ያስፈልጋል። የከሰል ማጣሪያ ሽታና ጣዕም ያስተካክላል፣ ጀርም አያግድም፣ ካርትሪጁ በጊዜው ካልተቀየረ ራሱ የባክቴሪያ ማደሪያ ይሆናል። ቀዳዳው 0.2 ማይክሮን የሆነ የሴራሚክ ወይም የሜምብሬን ማጣሪያ ባክቴሪያንና ጥገኛ ተሕዋስን ይይዛል፣ ቫይረስ ግን ያልፈዋል፤ ኖሮቫይረስና ሄፓታይተስ ኤ ደግሞ ቫይረሶች ናቸው። ጀርምን በጨረር የሚገድለው የዩቪ መብራት ጥሩ ይሠራል፣ ውሃው ጥርት ያለ፣ መብራቱ ንጹሕና ኤሌክትሪኩ ያልተቋረጠ ከሆነ። ክሎሪን ባክቴሪያንና አብዛኛውን ቫይረስ ይገድላል፤ በትክክለኛ መጠን ተጨምሮ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በሊትር 0.5 ሚሊ ግራም ያህል ነጻ ክሎሪን መቅረት አለበት፣ የመለኪያ ወረቀቱም ውድ አይደለም። ውሃው ክሎሪን ሸተተኝ ብሎ የሚያማርር እንግዳ ካለ በደንብ ያስረዱት፤ ትንሽ የክሎሪን ሽታ ውሃው የቆሸሸ ለመሆኑ ምልክት አይደለም።

ክሎሪንም ወሰን አለው። ክሪፕቶስፖሪዲየምን አይችለውም። በደንብ ክሎሪን በተደረገበት መዋኛ ገንዳ ውስጥ እንኳ ከሳምንት በላይ በሕይወት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ብሪክሳም በምትባል የባሕር ዳር የቱሪስት ከተማ ይኸው ጥገኛ ተሕዋስ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ገባ። ዘመናዊ የውሃ መስመር ያለው አገር ነው። ሆኖም የተወሰነው የአካባቢው ሕዝብ ስምንት ሳምንት ያህል ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ተነገረው።

ማፍላት ነው እነዚህን ጀርሞች ሁሉ የሚጨርሰው። እስኪንተከተክ አፍልቶ አንድ ደቂቃ ማቆየት፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከሆኑ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ። ግን ልብ ይበሉ፤ ናይትሬት በመፍላት አይጠፋም፣ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። ናይትሬቱ ከፍተኛ በሆነ ውሃ ለጨቅላ ሕፃን ወተት መበጥበጥ፣ በተለይ ከ6 ወር በታች ላለ፣ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ የሕፃኑ ከንፈርና ቆዳ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሊሞትም ይችላል። ጨቅላ የያዘ እንግዳ ሲመጣ የታሸገ ውሃ ይስጡ፣ በዚህ አይደራደሩ።

ሐይቁን በተመለከተ ባጭሩ። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ለሁለትና ሦስት ቀን ማንም አይዋኝ፣ ጎርፉ የከተማውን ሽንት ቤት ሁሉ አጥቦ ይገባልና። ቱቦ ወይም ቦይ ከሚገባበት አካባቢ ጭራሽ አይዋኝ። ውሃው ላይ እንደ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ ነገር ካዩ ሳያኖባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ጉበትንና ነርቭን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፣ መርዙም ቢፈላ አይጠፋም፤ ልጅም ውሻም አይቅረብ። በሞቃት አገር ባለ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ከሆነ ቢልሃርዚያም አለ። ትሉ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ ስለዚህ "ውሃውን አልዋጥኩም" ማለት አያድንም። እሱም የሚጀምረው ከሽንት ቤት ነው፤ የታመመ ሰው ሽንት ወይም ሰገራ ቀንድ አውጣ ያለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ። ቢልሃርዚያ የለም ይባልባት በነበረችው በፈረንሳይዋ ኮርሲካ ደሴት እንኳ ካቩ በሚባል ወንዝ የዋኙ ቱሪስቶች እ.ኤ.አ. በ2014 ተገኝቶባቸዋል። ጥሩነቱ፣ ፕራዚኳንቴል በሚባል መድኃኒት ይታከማል።

አንድ ያልጠየቁኝን ነገር ልጨምር፣ ማረፊያ ቤት ስላለዎት። እንግዳ ሳይኖር ለሳምንታት የተዘጋ ክፍል ቧንቧ ውስጥ የቆመ ለብ ያለ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ያራባል። የሚይዘው ሲጠጡት አይደለም፣ የሻወሩን ጉም ሲተነፍሱት ነው፤ ከባድ የሳንባ ምች ያስከትላል። በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ ሆቴል ስብሰባ ከተደረገ በኋላ ነው። የሙቅ ውሃ ማሞቂያውን 60 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። ወቅቱ ሲጀምር ደግሞ ሻወሮቹን ከፍተው፣ ከክፍሉ ወጥተው፣ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ያፍስሷቸው።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የጉድጓዱን ውሃ ለመጠጥ፣ ለጥርስ፣ ለበረዶና ለሰላጣ ማጠቢያ አይጠቀሙ። ወይ ይፈላ ወይ የታሸገ ይሁን፣ በየክፍሉም በጽሑፍ ይለጠፍ። በዚህ ሳምንት የፍሳሽ መምጠጫ መኪና ጠርተው ታንኩን ያስጠርጉ፤ ሲከፈት ቆመው ይዩ፣ ግድግዳው የተሰነጠቀ ወይም ታቹ ያልተለሰነ እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። ከዚያ ቤቱ ሞልቶ ባለበት ሳምንት፣ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ኢ-ኮላይና ናይትሬት ያስመርምሩ። ከወር በኋላ ይድገሙት። ኢ-ኮላይ አንድም ከተገኘ ክሎሪን ማንጠባጠቢያ ያስገጥሙ፣ ግን እሱ ማስታገሻ ነው። ዘላቂው ከከተማው ፍሳሽ መስመር ጋር መገናኘት ነው። መስመር ከሌለ ለ11 ክፍል የሚመጥን አዲስ ታንክ ከጉድጓዱ ቁልቁል በኩል፣ በተቻለ መጠን ርቆ ይሠራ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ክፍል ይቀንሱ። ከባድ ምክር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ታንኩ የሚችለው የ4 ክፍል ነው።

በዚህ መሃል የታመመ እንግዳ ካለ ኦአርኤስ፣ በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካው ዱቄት፣ በእጅዎ ይኑር። ከሌለ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ከአፉ እኩል የተስተካከለ እንጂ የተከመረ አይሁን። ተቅማጡ ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ሽንት ካልመጣ፣ ወይም ታማሚው ሕፃን፣ እርጉዝ ወይም አረጋዊ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ አይሞክሩ። ደም ላለው ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን አይስጡ። እርጉዞችን ለይቼ የጠራሁት ሄፓታይተስ ኢ የሚባለው የውሃ ወለድ የጉበት ቫይረስ በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ገዳይ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ያንን የጻፈልዎትን ቤተሰብ ደግሞ ዛሬውኑ ይመልሱለት። ውሃው ከጉድጓድ እንደሆነ፣ ሴፕቲክ ታንኩ ቅርብ እንደሆነ፣ እያስመረመሩ እንደሆነ ይንገሯቸው፤ የልጅቷን ሐኪም የሚረዳው መረጃ እርስዎ ጋ ነው ያለው፣ ወላጆቿም ሌሎቹም የቤተሰቡ አባላት መመርመር ሊያስፈልጋቸው ይችላል። በዚያው ሰሞን አብረዋቸው ያደሩ እንግዶች ስልክ መዝገብዎ ላይ ካለ ለእነሱም ይደውሉ። የአካባቢዎን ጤና ጽሕፈት ቤትም ያሳውቁ። ትኩሳት ይዞት ምክንያቱን ያላወቀ ሌላ ሰው አሁን የሆነ ቦታ ሊኖር ይችላል።